ዩጂ ነው የሚባለው

ኦዴል በሳውዝ ካሮላይና፣ ኮሎምቢያ ከተማ፣ በአንድ ትንሽ ቴአትር ቤት የተዋንያን ልብስ ስትሰፋ ሃያ ዓመት ሆኗታል። የዘንድሮው ቴአትር ስለ አንድ የምርጫ ዘመቻ ስልት ነዳፊ ነበር፤ የአገሩ ልጅ ነው፣ ከሞተ ቆይቷል። የኦዴል ባል ሉሺየስ የምክር ቤት ወንበሩን ያጣው ይህ ሰው በነዛበት ወሬ ነው፤ የከተማውን የመቃብር ቦታ ሊቸበችበው ነው ተብሎ። ከዚያ ወዲያ ሉሺየስ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲሄድ እስኪሞት ድረስ ከኋላ ነበር የሚቀመጠው።

እሑድ ከሰዓት ኦዴል ተዋናዩ በቴአትሩ ሁለተኛ ክፍል የሚለብሰውን ኮት ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች። ስልት ነዳፊውን ሆኖ የሚጫወተው ከቺካጎ የመጣ ተዋናይ መድረክ ላይ ወሬውን እንደ ቀልድ አወራው። «ሉሺየስ ሁገር ሙታንን በካሬ ሊሸጥልን ነው!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ኦዴል ንዴቱ እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። ተዋናዩ ሲመለስ ኮቱን አልብሳ አንገትጌውን አስተካከለችለት።

ቴአትሩ ሲያልቅ አዘጋጇ ሜረዲት እየተርበተበተች መጣች።

«እትዬ ኦዴል፣ ሉሺየስ ባለቤትዎ መሆናቸውን ገና አሁን ሰማሁ። ቀልዱን ላውጣው እንዴ?»

«ተዪው ልጄ፣ ሰዉ ወዶታል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩ። ብቻ የስሙን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አይተሽ አትሳሳቺ፤ ሲያነቡት ሁገር ቢመስልም፣ እዚህ አገር ዩጂ ነው የሚባለው።»

በሚቀጥለው እሑድ ተዋናዩ ስሙን አስተካክሎ ጠራው። አዳራሹም እንደ ቀድሞው ሳቀ። ኦዴል የላላ ቁልፍ ስታጠብቅ ነበር፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ኮቱን ዘርግታ ጠበቀችው።