ግድግዳችንን ያረጠበው ማን ነበር

ሰሞኑን ለሥራ አሶሳ ተመልሼ የሚከራይ ቤት ስፈልግ፣ አንድ ደላላ በባጃጅ ወስዶ ካሳየኝ ቤቶች በአንዱ ገና በሩ ሲከፈት ከአዲስ ቀለም ሥር የተደበቀ ሌላ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው፤ የራሰ አፈርና የሻጋታ ሽታ። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበት ብቻ አዲስ ተቀብቷል። ግማሽ ግድግዳ የሚቀባ አከራይ የሚሸፍነው ነገር አለው ብዬ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ቀለሙ ተላጠና ነጭ፣ ጨው መሰል ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። ደላላው ፈጠን ብሎ፣ «ኧረ ይሄ ምንም አይደል፣ ጎረቤት ነው እኮ! እጣቢ እዚህ ሥር ይደፋሉ» አለኝ። ጎረቤቱን አላውቀውም፤ ይህን አባባል ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። እኔ ነፍስ ሳውቅ የምንኖረው አሶሳ ዳር፣ አባቴ በእንጨትና በጭቃ ሠርቶ ቆርቆሮ ባለበሳት ቤት ነበር። ከቀርከሃ አጥራችን ማዶ ሃዋ የምትባል የበርታ ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶ፣ ልጇም ባምባሲ አግብታ፣ ብቻዋን ነበረች። በአጥሩ መሃል አንድ ሰው የምታሳልፍ ክፍተት ተትታ ነበር፤ በእሷ በኩል ማንጎና የደረቀ ባምያ ወደ እኛ ይመጣል፣ ሽሮ ወደ እሷ ይሄዳል፣ ሃዋ ራሷም ድምፅ ሳታሰማ ገብታ እናቴ አጠገብ ቁጭ ትላለች። የሃዋ ማንጎ ጥላ ከሰዓት በኋላ በእኛ ግድግዳ ላይ ስለሚያርፍ፣ አባቴ በዚያ በኩል፣ በአገሩ ወግ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የሚሄድ ረጅም የአፈር መደብ ከውጭ ሠርቶ ነበር። በወሎ ዝናብ እየለመኑ ያደጉት የአገሩ ልጆች እዚያ ላይ ተደርድረው፣ ከግንቦት ጀምሮ የማያባራውን የአሶሳን ዝናብ ሲያሙት ያመሹ ነበር።

በአንዱ ክረምት መጀመሪያ ላይ በዚያው ግድግዳ ውስጠኛ ገጽ፣ ከአልጋው ኋላ፣ ጥቁር እርጥበት ታየ። እናቴ መጀመሪያ የጠረጠረችው ጣራውን ነበር፤ አባቴም ወጥቶ የምስማሩን ቀዳዳ ሁሉ በሬንጅ ደፈነ። ዛሬ ቢሆን መሰላሉን ባላስወጣሁት፤ ከጣራ የሚወርድ ውሃ ከላይ ጀምሮ ቡናማ ቀለበት እየሠራ ይወርዳል፣ የእኛው ግን ከወለል ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ቀጥሎ ከግድግዳው ሥር የምትታሰረው ፍየላችን በሽንቷ ተጠርጥራ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች። እርጥበቱ ግን ጨመረ። ያኔ የእናቴ ዓይን አጥሩን ተሻገረ።

ሃዋ ለሶላት የምትታጠበው ኢብሪቅ በሚባለው ማንቆርቆሪያዋ፣ በአጥሩ ጥግ ነበር። እናቴ ሰፌድ ይዛ፣ እህል የምታበጥር መስላ፣ ከደጅ ሆና ትጠብቃት ጀመር፤ ሰፌዱ ላይ ምንም እህል ያልነበረበትም ቀን ነበር። በመጨረሻ አላስቻላትም። «እህት ሃዋ፣ ውሃሽን ራቅ አድርገሽ ብትደፊው ምናለ? ቤቱ እኮ ሊወድቅብኝ ነው!»

ሃዋ ኢብሪቋን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። «ወላሂ፣ የኔ ውሃ ለፊት ነው፣ ለእግር ነው፤ ትንሽ ነው። ያንተ ግድግዳ ግን ብዙ ጠጣ!»

እኛ ልጆቹ እናቴን «አንተ» በማለቷ ሳቅን። እናቴ አልሳቀችም። በማግስቱ አባቴ ክፍተቷን በቀርከሃ እንዲዘጋት ታዘዘ፤ እያቅማማ ዘጋት።

ብዙም ሳይቆይ ሃዋ ልጇ ወልዳ ልታርሳት ባምባሲ ሄደችና ክረምቱ አጋማሽ ላይ ግቢዋ ባዶ ሆነ። ኢብሪቅ የለም፣ እጣቢ የለም፤ እርጥበቱ ግን አልጋውን አልፎ ወጣ። እናቴ፣ «የሰፈር ልጆች እየሸኑበት ይሆናል» አለች፤ ድምጿ ግን ራሷንም ያሳመነ አይመስልም ነበር። አንድ ጠዋት ምርጉ ተገንጥሎ አልጋው ላይ ወደቀ፤ ከሥሩ የነበረውን ቋሚ እንጨት ምስጥ በልቶት፣ በእጅ ሲነኩት እንደ ራሰ ዳቦ ይፈረፈር ነበር።

አባቴ ዶማ አንስቶ ወጣና የገዛ መደቡን ማፍረስ ጀመረ። ላዩ ከመቀመጥ ብዛት ተጠቅጥቆ ጠጥሯል፤ ውስጡ ግን ውሃ እንዳዘለ ነበር። የቆርቆሮው ጠፈጠፍ ሁሉ የሚወርደው እሱ ላይ፣ አፈሩም ከወለላችን ከፍ ብሎ ግድግዳውን የሙጥኝ ያለ ስለነበር፣ ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ ከርሞ ግድግዳውን ሲያጠጣ ነበር የኖረው። አባቴ ዶማውን ተደግፎ፣ «እኛ አገር መደብ ግድግዳ ይደግፋል» አለ፤ ለማን እንደተናገረ አላወቅንም። ቦይ ቆፈረ፣ ቋሚውን ቀየረ፣ ግርጌውን በድንጋይ አለበሰ፤ ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳው ደረቀ።

አጥሩን ለመክፈት ግን እናቴ አባቴን አልጠበቀችም። መጥረቢያ ይዛ ወጥታ፣ ክፍተቷን ከበፊቱ ሰፋ አድርጋ ራሷ ከፈተቻት። ሃዋ ከባምባሲ መመለሷን የሰማች ዕለት ደግሞ በክፍተቷ አልፋ ሄዳ፣ «ውሃው የራሳችን ነበር፣ ይቅር በዪኝ» አለቻት። ሃዋም፣ «መሌሽ፣ አለፈ፣ አለፈ» ብላ እጇን ያዘቻት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በሁለቱ መካከል ክፉ ቃል ሲወጣ አልሰማሁም። ማንጎውም መጣ፣ ሽሮውም ሄደ። ሃዋ ግን እኛ ቤት ስትመጣ፣ ዝናብም ቢሆን፣ ክፍተቷን ትታ በመንገዱ ዞራ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የቆርቆሮ በራችንን ታንኳኳና «ግቢ» እስክትባል ውጭ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ከዚያ ክረምት በፊት አንድም ቀን አንኳኩታ አታውቅም።