ለአትክልት የማይሆን እጅ

የሁለት ቀን ቲማቲም ዛሬ ጠዋት የተለቀመ ማስመሰል አውቅበታለሁ። ወሎ ሰፈር ጋራዦቹ አጠገብ ጉሊት በተቀመጥኩባቸው ዓመታት በዚህ የሚያህለኝ አልነበረም። ጨርቅ ዘይት አስነክቼ አንድ በአንድ እወለውለዋለሁ፤ የቆሰለ ጎኑን ወደ ታች አድርጌ እደረድረዋለሁ። የሰላጣውን የጠወለገ ቅጠል ልቡ እስኪቀር ድረስ እገነጥላለሁ። ቆስጣውን ሥሩን ውሃ ውስጥ አቆምና እርጥብ ጆንያ አለብሰዋለሁ። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ረጥበው ታፍነው ካደሩ አለቀላቸው። ይህን እስክማር ብዙ ሣጥን ደፍቻለሁ። እኔን ያስተማረኝ የለም፤ እኔም ማንንም በነጻ ላስተምር አላሰብኩም።

ልጅቷ የመጣችው መስከረም ላይ ነው። ከቦሌ አራብሳ በሁለት ታክሲ መጥታ ከጎኔ ሸራዋን ዘረጋች። ከደቡብ የመጣች ጴንጤ ናት፤ ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ ሕፃን ልጇን ጎረቤት ጋ ትታ ነው የምትውለው። ያላትን ሁሉ አሟጣ ለዚህ ሥራ እንዳዋለችው፣ ካልሆነላት ልጇን ይዛ አገሯ ከመግባት ሌላ መንገድ እንደሌላት በመጀመሪያው ቀን ነገረችኝ። ሳልጠይቃት። ለማያውቁት ሰው እንዲህ ሆዳቸውን የሚዘረግፉ ሰዎች ያናድዱኛል።

ከዚያ የባሰ ያናደደኝ ቲማቲሟ ነው። ሳይወለወል፣ አቧራው እንኳ ሳይራገፍ ያምራል። መኪናቸውን አቁመው በመስኮት የሚያዙኝ ደንበኞቼ ወደ እሷ ዞሩ። አንዷ ለእኔ ሰላምታ ሰጥታ፣ ጤንነቴን ጠይቃ፣ ከእሷ ገዝታ ሄደች። ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ቲማቲሙም ቃሪያውም ተረፋት። እሁድ አትሠራም። እስከ ሰኞ እንዴት ላቆየው ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። በደንብ እጠቢው፣ ሳይደርቅ በላስቲክ ጠቅልለሽ አፉን ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው አልኳት። እንዳትረሳው ያልኩትን ቃል በቃል ደገመችልኝ፤ መረቀችኝም። ከጋራዡ ቧንቧ ውሃ ለምና ስታጥብ እያየሁ የራሴን በደረቅ ጆንያ ሸፍኜ ለጋራዡ ዘበኛ አስረከብኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንቅልፍም አልነሳኝም።

ሰኞ ጠዋት ላስቲኩን ስትፈታው ሽታው እኔ ጋ ደረሰ። ቃሪያው ጠቁሮ ይሟልጫል፤ ቲማቲሙ ሻጋታ አብቅሎ ውሃ ሆኗል። አላለቀሰችም። የቱ ጋ እንዳጠፋች ጠየቀችኝ፤ ምናልባት አጠባው አንሶት ይሆን አለች። እውነቱን መናገር የምችለው ያኔ ነበር። ከራሴ አንድ ሣጥን አካፍያት እንደገና ብትጀምር እኔ ምንም አልጎድልም ነበር። ግን ከጎኔ እንድትነሳ ፈልጌ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ የአጠባ ጉዳይ አይደለም» አልኳት። «አንዳንድ ሰው እጁ ለአትክልት አይሆንም። የነካው ሁሉ ይበሰብስበታል። ሌላ ሥራ ፈልጊ።»

አመነችኝ። እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። እናቴም ጓሮ የተከለችው አይጸድቅላትም ነበር፣ ከእሷ የወረስኩት ይሆናል አለችኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ የበሰበሰውን ስትደፋ ከሥር ደህና የቀረ ጥቂት ቲማቲም አገኘች። አገሯ ድረስ ይዛው አትሄድ ነገር፣ ላስቸገርኩዎት ይሁንልኝ ብላ ለእኔ ልትተወው ወሰነች። ሣጥኔ ውስጥ ልትጨምረው ስትል እጇን መለስ አደረገች። ከዘንቢሏ ሁለት ፌስታል አወጣችና እጆቿን ከተተችባቸው።

«እትዬ፣ የእርስዎንም እንዳላበላሽብዎት» አለችኝ።

በፌስታል እየያዘች አንድ በአንድ ደረደረችው። እንዲመቻት ሣጥኔን ጠጋ አደረግኩላት።