የጋሽ ይጣራ አንድ ሰዓት

ተራራው ሥር፣ የመኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ፣ ባለ አንድ ክፍል የእንጨት ቤት አለች። ከበሯ ጎን ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ላይ የዕለቱን አየር የሚጽፈው ሰውዬ እዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። እውነተኛ ስሙን ከደመወዝ ከፋዩ ሌላ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም ጋሽ ይጣራ ነው የሚለው። ምንም ቢነግሩት መልሱ “ይጣራ” ነዋ! ዳቦው ትኩስ ነው ቢሉት በጣቱ ይጫነዋል። ዛሬ ማክሰኞ ነው ቢሉት ቀን መቁጠሪያውን አገላብጦ ያያል።

ደግሞ ሥራው ለጥርጣሬ የተመቸ ነው። በሞቃቱ ወራት ያ ተራራ ሰው ያታልላል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ ደስ የሚል ነው፤ ወደ ምሳ ሰዓት ግን ከጫፉ ጀርባ ነጭ ደመና ብቅ ይላል፣ ጉሙ ይከተላል፣ ከዚያ ነፋሱና መብረቁ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከትንበያ ቢሮ ይደውሉና መብረቁ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚጠበቅ ይነግሩታል፤ እሱም በጠመኔ ይጽፈዋል። ተራራ ወጪዎቹ ያንን አይተው ነው ከሸንተረሩ መቼ መውረድ እንዳለባቸው የሚያሰሉት።

ታዲያ ጋሽ ይጣራ የነገሩትን ጽፎ አያውቅም። ስምንት ሰዓት ካሉት ሰባት ብሎ ይጽፋል። ትንበያውንም አያምን፣ ወጪዎቹንም አያምን። “እሺ፣ እንመለሳለን” ብለው ወጥተው ጫፉ ላይ ፎቶ ሲነሱ ዝናብ የወረደባቸውን ስንቱን አይቷል! አንድ ሰዓት ቢደብቅባቸው ምን ይጎዳቸዋል? ቤቱም ያው ነው። አውቶቡሱ የሚነሳው ሁለት ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ለሚስቱና ለልጁ አንድ ሰዓት ነው ይላቸዋል። እነሱ ደግሞ መቼ ሞኝ ሆኑና! ገና ድሮ ነቅተውበታል። እሱ ባለው ላይ አንድ ሰዓት ጨምረው፣ በዓይን ተጠቃቅሰው፣ ሻያቸውን ተረጋግተው ይጠጣሉ። ሁሉን የሚጠረጥረው ሰውዬ ይቺን አንድም ቀን አልጠረጠረም።

አንድ ሰሞን ወደ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ኃላፊ መጣች። አንድ ተራራ ወጪ የሰሌዳውን ሰዓት ፈርቶ ጫፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይመለሳል፤ ሰማዩ ግን ያን ሰዓት ጠብ አላደረገም። ሰውየው ተናዶ አቤት አለ። ኃላፊዋ ጋሽ ይጣራን አስጠርታ፣ ትንበያ ቢሮ የነገረውንና እሱ የጻፈውን ጎን ለጎን አሳየችው።

“የነገሩዎትን ብቻ ይጻፉ” አለችው። “ከራስዎ ከቀነሱ ሰሌዳውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።”

ደሙ ፈላ። መቼም የወንድሟን ልጅ ልታስገባበት ነው ብሎ ጠረጠረ። ግን ጡረታው ሊደርስ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ ጥርሱን ነክሶ እሺ አለ። ቤቱ ሲገባ ለማንም ትንፍሽ አላለም። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ ተቆጡኝ ብሎ ለሚስቱ መንገር ሞት መሰለው።

ቅዳሜ ጠዋት ከትንበያ ቢሮ ሰባት ሰዓት አሉት። በሃያ ሁለት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሉትን ጻፈ፤ ሰባት።

ብዙም ሳይቆይ ከተማ የምትሠራው ልጁ ከች አለች፤ ተራራ ልትወጣ። አብሯት በስልክ ብቻ ሲወራለት የሰማው ወጣት አለ። ጋሽ ይጣራ ገና ሲያየው አልጣመውም። ጫማው አዲስ፣ ፈገግታው የተዘጋጀ፣ “ጋሼ” ማለቱም የፈጠነ ሆነበት። ጫማህን አንሣ ብሎ ሶሉን ሳይቀር መረመረው። ልጅቷ ይሄኔ ሰሌዳውን አነበበችና አባቷን ጠቀሰችው። “ገባኝ፣ አባዬ” አለችው። ጥቅሻዋን ጠረጠረ። ምኑ ነው የገባት? እነዚህ ልጆች ከእኔ ተደብቀው ተጫጭተው ይሆን እንዴ? ሲወጡ ከኋላ እያያቸው ይኼንኑ ሲያብሰለስል ቆየ።

ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ሰማዩ ተቀደደ። በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት ወጪዎች ቀድመው ወርደው መኪናቸው ውስጥ ናቸው። የቆዩት ደንበኞቹ ግን፣ የሚገርም ነው፣ ዘግይተው በስብሰው እየሮጡ ወረዱ። ልጁ የለችም። ስልኳ አይሠራም። ስምንት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። በሩ ላይ ቆሞ ያንን ወጣት ይረግማል። ይኼ ቀጣፊ ነው ያስቀራት፤ ፎቶ አንሺኝ እያለ ነው የሚሆነው፤ ይምጣ ብቻ!

አስር ሰዓት ሲል ሁለቱ ከጉሙ ውስጥ ወጡ። የወጣቱ ክንድ በልጅቷ የአንገት ልብስ ታስሮ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሽ ይጣራ ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ኮሌታውን አነቀው።

“ሰሌዳውን አላየህም? ሰባት ይላል እኮ!”

“አይቻለሁ፣ ጋሼ” አለ ወጣቱ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። “እንመለስ ብያት ነበር።”

ልጅቷ የአባቷን እጅ ይዛ ከኮሌታው ላይ አላቀቀችው።

“እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። አባቴን አውቀዋለሁ፣ ሰባት ካለ ስምንት ማለቱ ነው አልኩት። ዕድሜ ልካችንን እንደዚያ አይደል እንዴ፣ አባዬ?”

ጋሽ ይጣራ ክው አለ። የቀረውን ሰማው ማለት ይከብዳል፤ ሸንተረሩ ላይ ዘና ብለው ምሳ ሲበሉ መብረቁ አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ እንደመታው፣ ወጣቱ እሷን ገፍትሮ ሲጥል ክንዱ ላይ እንደወደቀ ነገረችው። የጨበጠውን ኮሌታ በሁለት እጁ አስተካከለለትና ወደ ቤት አስገባቸው።

በማግስቱ ጠዋት ስምንት ሰዓት አሉት። ስምንት ብሎ ጻፈ። ሥሩም በትልልቁ “ይህ ሰዓት አልተቀነሰም” ብሎ ጨመረበት። ሁለት የቆዩ ደንበኞቹ መጥተው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። በመስኮት ይሰማቸዋል።

“ይቺን ደግሞ አመጣ!” አለ አንደኛው እየሳቀ። “ዘጠኝ ማለቱ ነው፤ ጊዜ አለን።”

ጋሽ ይጣራ ጫማውን በወጉ እንኳ ሳያስር ወጥቶ ሰውየውን እጅጌውን ያዘው።

“ስምንት ነው” አለው። “በልጄ እምልልሃለሁ፣ ስምንት ነው።”

ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየው።

“ይጣራ” አለና መንገዱን ቀጠለ።