ትኬት ቆራጯና የኃላፊው አማት

በብሔራዊ ፓርኩ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት የቆረጠችው ሴት ሰው መናቅ አትወድም ነበር። አዲሱ ኃላፊ ከመጣ ወዲህ ግን ሳትወድ ለመደችው።

ሰውዬው በተሾመ በሳምንቱ ጫካውን «ምርታችን» ማለት ጀመረ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ በየስብሰባው ስለ ዛፍና ስለ አውሬ ሲተነትን ይውላል እንጂ እግሩ ከመኪና ማቆሚያው አልፎ አያውቅም። አንዲት ጦጣ የቢሮው መስኮት ላይ ብትቀመጥበት አስወጪልኝ ብሎ ጸሐፊውን መጣራቱን ጥበቃዎቹ እየተቀባበሉ ስቀውበታል። ቆራጯ አልሳቀችም። ጦጣ የሚፈራ ሰው ጫካ ላይ መሾሙ ለእሷ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ፓርኩ ከተከለለ ጀምሮ የአካባቢው ሰው እሑድ እሑድ በነፃ ይገባ ነበር። ኃላፊው ይህንን ሰረዘው። ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ በነፃ የገባ ሰው ቆሻሻ ያበዛል አለ። ቆሻሻውን ማን እንደሚያበዛ እሷ ታውቃለች። ሰኞ ጠዋት የተሰባበረ ጠርሙስ የሚለቀመው ሁሌም የቢሮው እንግዶች ካረፉበት ጥላ ሥር ነው። እነሱ ደግሞ አንድም ቀን ከፍለው አያውቁም፤ የመኪናቸውን መስኮት ዝቅ አድርገው የአንድ ባለሥልጣን ስም ይጠሩና ያልፋሉ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ ሰሌዳ ተተከለ። «ያለ ትኬት ማንም ሰው አይገባም» ይላል። ከሥሩ የኃላፊው ፊርማ አለ፤ ፊርማው ከጽሑፉ ይገዝፋል።

በመጀመሪያው እሑድ ሰዉ ሁሉ «አባባ ችግኝ» የሚላቸው ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። በጉልምስናቸው የቀን ሠራተኛ ሆነው ሐይቁ ዳር ያሉትን ዛፎች የተከሉ ናቸው። ጉልበታቸው ሳይከዳቸው ለልጅቷ ሊያሳዩአት ፈልገው ነበር። ቆራጯ አንገቷን ደፍታ አዲሱን ደንብ ነገረቻቸውና እኔ ልክፈልልዎ አለች።

«አይ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «አንቺ ከከፈልሽልኝማ እንግዳ ሆንኩ ማለት ነው።»

የልጅቷን ክንድ ይዘው ተመለሱ።  ያን ቀን ቆራጯ ኃላፊውን ናቀችው፤ ከእሱ ይበልጥ ግን ማገጃውን ሳታነሳ የቀረችውን የገዛ እጇን ናቀች።

በሦስተኛው ሳምንት ኃላፊው ራሱ የሚስቱን ዘመዶች በሁለት መኪና ጭኖ መጣ። ጥሩምባውን ነፋ። ቆራጯ ከክፍሏ ወጣች፤ ማገጃውን ግን አልነካችም። በየመስኮቱ ጎንበስ እያለች ሰዉን ቆጠረች።

«ዘጠኝ ሰው፣ ሁለት መኪና» አለች። «ትኬት ልቁረጥልዎ?»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቷን ሲያየው ሳቁ ጠፋ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «አንቺ፣ ቤተሰቤ እኮ ነው።»

«ሰሌዳው ማንም ነው የሚለው። የፈረሙት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

ከኋላ ተራ የሚጠብቀው ሰው ለመስማት ተጠጋ። ኃላፊው ነገ ከሥራ እንደሚያባርራት ጥርሱን ነክሶ ነገራት። እሷ ቆማ ጠበቀችው። መቼም ሁሉን ነገር መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልለት ሰው ነውና ኪሱን ቢዳብስ ከመሐረብ በቀር አላገኘም።

ከፊት የተቀመጡት አማቱ፣ የሚስቱ እናት ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ቀጭን አስተማሪ። ቦርሳቸውን ከፈቱ።

«እኔ እከፍላለሁ» አሉ። «እሱ ድሮም በነፃ መግባት ይወዳል። እኛም ቤት የገባው እንደዚሁ ነው።»

የተሰለፈው ሰው ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ቆራጯ ዘጠኙንም ትኬት ቆርጣ፣ በሁለት እጇ ለሴትዮዋ ሰጠች።

ማባረሩን አልደፈረም። ሰኞ ግን ደብዳቤ ደረሳት፤ ቦት ጫማና መጥረጊያ ወደሚቆለልበት ዕቃ ቤት ተዛወረች። ሰሌዳው ላይ በቀይ ቀለም «ከጽሕፈት ቤቱ እንግዶች በስተቀር» የሚል ተጨመረበት። በዚያው ሳምንት ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ ሠራተኛውን ሰበሰበና ስለ ሥነ ምግባር ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። እሷ ከኋላ ተቀምጣ ጥፍሯን ስትሞርድ ንግግሩ አበቃ። የእሑዱ ነፃ መግቢያ አልተመለሰም፤ እሱ ግን በዓመቱ ወደ ላይኛው መሥሪያ ቤት አደገ።

ጥበቃዎቹ የመንደሩን ሰው በጓሮ በኩል ማሳለፍ ጀምረው ነበር። አባባ ችግኝ እንቢ አሉ፤ በጓሮ የሚገባ ሌባ ነው ብለው። ቆራጯ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄዳ የበሩን ታሪክ ነገረቻቸው። የአስተማሪዋን ንግግር ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ አስደግመውም ሰሙት። ከዚያ ዛፎቹ እንዴት ናቸው ብለው ጠየቁ።

አንዱ ረድፍ ወደ ውኃው አዘንብሏል አለቻቸው።

«ተዪው» አሉ። «ችግኝ ሆኖም እንደዚያ ነበር።»