ግራ እጅ የማይጠየቅበት ክፍል

ጌዶ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ባጃጅ ቢያንስ ተሳፋሪ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ወሬ ግን አንድ ሰው ካገኘ ይነሳል። የዚያን ሰሞን ከወይዘሮ ወለተማርያም ሻይ ቤት የተነሳው ወሬ እንዲህ የሚል ነበር፦ ሮዳስ የምትባለው፣ ከአምቦ ለልምምድ የመጣችው እጩ መምህርት፣ ከተወለደች ጀምሮ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ የሦስተኛ ክፍል ዲዳ ልጅ ላይ ጸበል ረጭታ አናገረቻት።

ጠዋት ላይ ወሬው ይህን ያህል ጨዋ ነበር። ለምሳ ሲደርስ ጸበሉ ከአንድ ሃይላንድ ወደ ጀሪካን አደገ። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ አፏ እንደተፈታ ዳዊት ደገመች ተባለ። አመሻሹ ላይማ የመጪውን ዓመት የጤፍ ዋጋ ተንብያ፣ ይህን የሰሙ ነጋዴዎች እህላቸውን አንሸጥም ብለው መጋዘን ቆለፉ።

ባጃጅ ነጂው ኢዶሳ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለው። እምነት ጎድሎት አይደለም፤ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይጠፋም። የቸገረው ዝርዝሩ ነው።

«ዳዊቱን በምን ቋንቋ ነው የደገመችው?» ብሎ ጠየቀ።

«በግዕዝ ነዋ» አሉት ወይዘሮ ወለተማርያም፣ ብርጭቆ እያለቀለቁ።

«ልጅቷ የምትማረው በአፋን ኦሮሞ፣ ቤቷ የሚወራው አፋን ኦሮሞ። ግዕዙን ማን አስጠናት?»

«ተአምር ነው እያልኩህ አንተ የትምህርት ማስረጃ ትጠይቀኛለህ?»

«እሺ ጸበሉስ? መምህርቷ'ኮ ደንበኛዬ ናት። ሃይላንዷን ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ ስትቀዳ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ቧንቧውንስ ማን እንደባረከው ታውቃለህ?»

ቧንቧውን ማን እንደባረከው የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ክርክሩ በወይዘሮዋ አሸናፊነት ተዘጋ። ኢዶሳ ሻዩን ጨርሶ ወጣ፤ ጥርጣሬው ግን አብሮት ወጣ። ደግሞም አልተሳሳተም።

ሮዳስ አምቦ ተወልዳ ያደገች፣ በኦሮምኛ ስቃ በአማርኛ የምትቆጣ የከተማ ልጅ ናት። ያን ሰሞን ታዲያ ሳቋ አልቆ አማርኛዋ ብቻ ቀርቶ ነበር። የመምህራን ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ ጌዶ የመጣችው አንድ ክፍል ይዛ እንድትለማመድ ነው። ከልምምዱ የምታገኘው ውጤት ካነሰ ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። ውጤቱን እኩል ለእኩል የሚሰጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ግማሹን ከኮሌጅ እየመጡ የሚያዩዋት አቶ ታምራት፣ ግማሹን የክፍሉ ባለቤት መምህር ቀጀላ። እናቷ አምቦ ላይ ምረቃውን ከወዲሁ ለእድሩ ሁሉ አውጀው፣ ጎረቤቱ «የመምህርቷ እናት» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። እንግዲህ ብትወድቅ የምትወድቀው ብቻዋን አይደለም፤ ከነእድሩ ነው።

መምህር ቀጀላ ክፍሉን ከአንደኛ ጀምረው ይዘውት የመጡ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ክራቫታቸው ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ሰው ናቸው። ክፍላቸው «ሞዴል ክፍል» ተብሎ ተሸልሟል። ሽልማቱ በመስታወት ገብቶ ከሰሌዳው በላይ ተሰቅሏል፤ ሰሌዳው ከማርጀቱ የተነሳ በደረቁ አይጠራም፣ መስታወቱ ግን በየጠዋቱ ይወለወላል። ሮዳስ ለዚህ ሰሌዳ ነው ስፖንጅና ውሃ የሞላ ሃይላንድ ይዛ መምጣት የጀመረችው።

በመጀመሪያ ቀኗ ጥያቄ ስትጠይቅ የክፍሉ ልጅ በሙሉ እጁን አወጣ። የጭልሞ ደን እንኳ በደጉ ዘመኑ እንዲያ ጥቅጥቅ ብሎ አያውቅም። ሮዳስ ልቧ በደስታ ዘለለ። ፊት ለፊቷ ያለውን ልጅ ጠራች፤ ልጁ ተነስቶ ጫማውን አየ። ሌላዋን ጠራች፤ እሷም ተነስታ የልጁን ጫማ አየች። በእረፍት ሰዓት መምህር ቀጀላ በፍቅር ወደ ጥግ ወሰዷት።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር» አሏት። «ቀኝ እጁን ያወጣ ያውቃል። ግራውን ያወጣ አያውቅም። አንቺ ቀኙን ትጠሪያለሽ።»

«የማያውቀው ለምን ያወጣል?»

«እንግዳ ይመጣላ። ከወረዳ ይመጣል፣ ከዞን ይመጣል፣ ከእርዳታ ድርጅት ይመጣል። እንግዳ የወጣ እጅ ነው የሚያየው፣ ቀኝና ግራ አይለይም።»

«እንግዳ በሌለበትስ?»

«እንግዳ ሲመጣ ብቻ ካደረጉት ይሳሳታሉ። ልማድ መሆን አለበት።»

«ግራዎቹን ታዲያ መቼ ነው የምናስተምራቸው?»

መምህር ቀጀላ የልጅ ጥያቄ እንደሰማ ሰው ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ክፍሉ ሞልቶ የተረፈ ልጅ ነው ያለው። በቀኞቹ እንዘልቃለን።»

ከዚያ በኋላ በነበረው ክፍለ ጊዜ ሮዳስ እጅ ላይ የተሰበረው ጠመኔ ለአንድ ወረዳ ይበቃ ነበር። ግን ቀኝ ቀኙን ጠራች። እናቷ አሉ፣ እድሩ አለ፣ ምረቃ አለ። ቀኞቹ ጥቂት ናቸው፤ መልስ ይሰጣሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል፣ ይቀመጣሉ። ግራዎቹ ክንዳቸው እስኪዝል አውጥተው ይቆያሉ። ይህን የመሰለ ትምህርት ለማግኘት ከገጠር ቀበሌ ጭቃ እያቦኩ ይመጣሉ፤ ክንድ ማዛልማ ቤታቸው ማገዶ ይዘውም ይችሉ ነበር።

ከግራዎቹ አንዷ ቢፍቱ ናት። የምትቀመጠው መስታወት ከሌለው መስኮት ሥር፣ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ነው። የትኛውም ጥያቄ ሲጠየቅ ግራ እጇ ከሁሉ ቀድሞ ይወጣል። ሮዳስ ስለእሷ ስትጠይቅ መምህር ቀጀላ፣ «እሷን ተያት፣ ዲዳ ናት» አሏት።

አንድ ቀን በእረፍት ሮዳስ ሃይላንዷን ልትሞላ ወደ ቧንቧው ስትሄድ ሴት ልጆች ቅልልቦሽ ይጫወታሉ። አንዷ ጠጠር ነክተሻል፣ አልነካሁም በሚለው ሙግት ላይ ጌዶ ፍርድ ቤት ቆሞ የማያውቅ ጠበቃ ሆና ሦስቱን ታፋጥጣቸዋለች። ድምጿ አውራ ጎዳናው ድረስ ይሰማል። ጠጠሩን የምትወረውረው፣ የምትቀልበውም በግራዋ ነው፤ አንድም አይወድቅባትም። ቢፍቱ ናት።

«ቢፍቱ» አለቻት ሮዳስ ቁጢጥ ብላ። «ክፍል ውስጥ እጅሽን የምታወጪው አውቀሽ ነው ሳታውቂ?»

«አውቄ ነው፣ ባርሲስቱ።» እዚያ አገር ልጆች ሴት አስተማሪን የሚጠሩት እንዲያ ነው።

«ታዲያ ለምን ግራሽን ታወጫለሽ?»

ቢፍቱ የመምህርቷ አላዋቂነት አሳዘናት። ግራ እጇን ገልብጣ አሳየቻት። «እጄ'ኮ እሱ ነው» አለች።

ቀሪውን ጓደኞቿ እየተሻሙ ተረኩላት። አንደኛ ክፍል እያለች በግራ ትጽፋለች ተብሎ መምህር ቀጀላ እጇን በሻሽ ከዴስኩ ጋር ያስሩት ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ መጻፍ ተወች፤ መናገሩንም አብራ ተወችው። እጇን ማውጣት ግን አልተወችም።

ሮዳስ ከዚያ ቦታ ስትነሳ ሃይላንዷን ብታቅፈው ውሃው ይፈላ ነበር። መምህር ቀጀላን ቢሮ ደጃፍ ላይ አገኘቻቸው።

«ልጅቷ ዲዳ አይደለችም። ግራኝ ናት» አለች።

«ግራኝ መሆኗንማ አውቃለሁ። ላስተዋት ብዙ ደክሜ እምቢ አለችኝ።»

«ታዲያ ግራ ስታወጣ ማወቅ አለማወቋን በምን ይለዩታል?»

«ለአንድ ልጅ ተብሎ አሠራር አይቀየርም» አሉ መምህር ቀጀላ፣ ክራቫታቸውን እያቃኑ። «ሐሙስ ከወረዳ እንግዶች አሉ። የኮሌጅ መምህርሽም ይመጣሉ። የእሳቸውን ውጤት ያኔውኑ ይሰጡሻል። ቀኝ ቀኙን ጥሪና በሰላም አገርሽ ግቢ።»

ሐሙስ እንግዶቹ ከኋላ ተደረደሩ፤ ሁለት ከወረዳ፣ አቶ ታምራት ከነቅጻቸው፣ መምህር ቀጀላ ከነክራቫታቸው። ሮዳስ ሰሌዳውን በውሃዋ አጥባ ጥያቄዋን ጻፈች። ከባኮ አርባ አምስት ኩንታል በቆሎ ጭኖ የተነሳ አይሱዙ፣ እጃጂ፣ ጌዶ፣ ጉደር፣ አምቦና ጊንጪ እየቆመ ዘጠኝ ዘጠኝ ኩንታል ቢያራግፍ፣ የት ሲደርስ ባዶ ይሆናል?

ደኑ በቀለ። የወረዳ እንግዶች እርስ በርስ ተያይተው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሮዳስ ቀኞቹን አየች። እናቷንም አየች፤ እድሩን ከነድንኳኑ አየችው። ከዚያ፣

«ቢፍቱ» አለች።

መምህር ቀጀላ ሳሉ። ሳላቸው የሳንባ ሐኪም የሚያስጠራ ነበር። ቢፍቱ ብድግ አለች፤ መምህር ቀጀላን አየች፣ አፏን ዘጋች። ሮዳስ በዴስኮቹ መሃል ሄዳ ጠመኔውን በግራ እጇ ላይ አስቀመጠችላትና ወደ ሰሌዳው መራቻት። ቢፍቱ ጠመኔ የያዘ እጇን ትንሽ አየችው፤ ያሰረው ሻሽ የለም። ጻፈች። ፊደሉ ትልልቅና ዘመም ያለ ነው፣ ግን ይነበባል፦ ጊንጪ።

ከዚያ ዞር ብላ፣ «ግን ባርሲስቱ፣ አምቦ ላይ ዘጠኝ ብቻ አያራግፍም። አምቦ ትልቅ ነው» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሮዳስም ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች፤ ቁጣዋ ግን አልበረደም። «አሁን መልሱን የማያውቅ እጁን ያውርድ» አለች። «ማንም አይቆጣም። ላላወቀ እንደገና አስረዳለሁ።» ልጆቹ መምህር ቀጀላን አዩ፣ እሷን አዩ። መጀመሪያ አንድ እጅ ወረደ። ከዚያ ደኑ ባንድ ጊዜ ተጨፈጨፈ። ጥቂት እጆች ብቻ ቆመው ቀሩ፣ ሽልማቱም ባዶ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አቶ ታምራት በረንዳ ላይ ሮዳስን ጨበጧት። «ደስ ብሎኛል» አሉ። «ቅጹ ግን የደስታ ቦታ የለውም። ‹ክፍሉ በመላ ተሳትፏል ወይ› ነው የሚለው። እጁ ወርዷል፣ ምን ላድርግ?» ደህና ከሚባለው ትንሽ ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጥተዋት፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ተጣደፉ። ማለፍ አለማለፏ በመምህር ቀጀላ ግማሽ ላይ ተንጠለጠለ።

መምህር ቀጀላ በበኩላቸው ከወረዳ እንግዶች ጋር ክፍል ውስጥ ነበሩ። አንደኛው፣ «ይቺ የመሰለች ጎበዝ እስከዛሬ የት ነበረች?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ዲዳ ነበረች'ኮ» አሉ መምህር ቀጀላ። «ዛሬ ገና አፏ ተፈታ።»

«በምን?»

መምህር ቀጀላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሃይላንድ አዩት። «እሱ ባለቤቱ ያውቃል» አሉ።

«የሌሎቹ እጅስ ለምን ወረደ?»

«ተአምር አይተው ደንግጠዋላ።»

ብልህ ሰው ናቸው። ስህተት ከሆነ አጥፊ ይፈለጋል፤ ተአምር ከሆነ ግን የሚፈለገው እልልታ ነው። ወሬው ከእሳቸው አፍ ወጥቶ ወይዘሮ ወለተማርያም ሻይ ቤት ሲደርስ የሃይላንዱ ውሃ ጸበል ሆኖ ነበር።

ቅዳሜ መምህር ቀጀላ ሮዳስን ሻይ ጋበዟት። ሻይ ቤቱ ብድግ ብሎ ተቀበላት። አንዱ የእግሩን ቁርጥማት ነገራት፤ ሌላው ሞተሩ አልነሳ ያለ አይሱዙ እንዳለውና ትንሽ ጠብ እንድታደርግለት ጠየቃት። ኢዶሳ ጥግ ይዞ ያያል። መምህር ቀጀላ ወደ ጆሮዋ ተጠጉ።

«ውጤትሽን ሰኞ ነው የምሞላው። ሙሉ ልሰጥሽ ነው ሐሳቤ» አሉ። «አንቺ ምንም አትበዪ። ሰው ደስ ብሎታል፣ ደስታውን አታፍርሺበት።»

ሮዳስ መልስ ሳትሰጥ ከደጅ አንዲት ሴት ገቡ፤ ነጠላቸው አቧራ የጠጣ፣ ከገበያ የመጡ። የቢፍቱ እናት ወርቅቱ ናቸው። ሰዉ መንገድ ከፈተላቸው። ወይዘሮ ወለተማርያም እልልታቸውን አፋቸው ላይ አዘጋጁ።

ወርቅቱ ሮዳስን ጉንጯን ስመው እጇን ሳይለቁ፣ «ልጄ፣ ለሁሉም እግዜር ይስጥሽ» አሉ። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ቢፍቱ ቤት ስትለፈልፍ ጆሮዬን ነው የምትበላው። ዛሬ ገበያ ውስጥ ግን ሁሉም ልጅሽ ዳነች፣ ልጅሽ ዳነች ይለኛል። ልጄ ምን ታማ ነው የዳነችው?»

መምህር ቀጀላ በጠረጴዛው ሥር የሮዳስን ጫማ ነኩ። ሮዳስ ከቦርሳዋ ሃይላንዱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተነሳች።

«አልታመመችም፣ እማማ» አለች፤ ለሁሉም እንዲሰማ ግን ድምጿን ከፍ አደረገች። «ይህ የቧንቧ ውሃ ነው፣ ሰሌዳ አጥብበታለሁ። ማንም ላይ አልረጨሁም። ልጅዎ ዳዊት አልደገመችም፣ ስለ ጤፍ ዋጋም ያለችው ነገር የለም። ዲዳም ሆና አታውቅም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እጇን ስታወጣ ነው የኖረችው፤ የጠየቃት ሰው አልነበረም።»