አሥራ ሁለተኛው ምልክት

ማን ይናገር የነበረ ይባላል። እኔ ነበርኩና ልናገር።

የምሠራው የከተማው ካርታ በሚዘጋጅበት ቢሮ ነው። የእኔ ድርሻ የመንገዶችን ስም በየቦታቸው ማስገባት ሲሆን፣ ከፊት ለፊቴ ያለው ጠረጴዛ የካርታ ሠሪው የጋሽ ሚሊሜትር ነው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። አንድ መስመር የፀጉር ስፋት ያህል ከቦታዋ ከወጣች ምሳቸውን ትተው ያስተካክሏታል። ዝምተኛና ሲበዛ ደረቅ ሰው ናቸው፤ ደረቅ ያልኩት ስለምወዳቸው ነው።

ጋሽ ሚሊሜትር አንድ ሕግ አላቸው። በወጣትነታቸው ሰው የነገራቸውን አምነው አንድ አቋራጭ መንገድ ካርታ ላይ ያስገባሉ። አቋራጩ ለካ የአንዲት ሴትዮ ጓሮ ኖሯል። ካርታው ታተመ፤ ሰዉም ካርታውን እያየ በሴትዮዋ ማጀት በኩል ይተላለፍ ጀመር። ይቅርታ ሊጠይቁ ቢሄዱ ሴትዮዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ "ግድ የለም፣ እግርህን ጠርገህ እለፍ" አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ፣ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ማንም ሳይነግራቸው ሲጠቀሙበት በዓይናቸው ካላዩ ምንም ነገር አይስሉም። የሥራ ባልደረባ አይቆጠርም። ዘመድማ ጭራሽ።

አምና አዲስ የሕዝብ ካርታ እንድናዘጋጅ ታዘዝን፤ በየፌርማታው የሚሰቀል፣ ታጥፎም ለሰው የሚታደል። ከታች ያለው የምልክት ማብራሪያ ከአሥራ ሁለት በላይ አይዝም። በአሥራ አንዱ ተስማማን። ሐኪም ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ መጸዳጃው፣ የውኃ ቧንቧው፣ ሌላውም ሌላውም ገባ። አንድ ቦታ ቀረ። ኃላፊያችን እዚያች ላይ የካሜራ ሥዕል ፈልገው ነበር፤ እንግዳ ፎቶ የሚነሣበትን ቦታ ለማሳየት።

ጋሽ ሚሊሜትር እጃቸውን አወጡ። ስብሰባ ላይ እጃቸውን ሲያወጡ በአሥራ ስድስት ዓመት አይቼ አላውቅም።

"ማረፊያ ይሁን" አሉ።

"አግዳሚ ወንበር ማለትዎ ነው?" አሉ ኃላፊያችን። "በከተማው ያሉት ዘጠኝ ናቸው። ሁለቱ ተሰብረዋል።"

"ወንበር አላልኩም። ሰው ቁጭ የሚልበት ሁሉ። ደረጃ፣ የግንብ ጫፍ፣ ድንጋይ።"

"ጋሼ፣ የቧንቧውን ዝርዝር የሚልክልን የውኃ ክፍል ነው። የድንጋዩን ማን ይልክልናል? ባለቤት የሌለው ነገር ምልክት የለውም።" ከዚያ ወደ እኛ ዞር ብለው፣ "ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ" ሲሉ ቤቱ በሣቅ ተሞላ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልክድም።

"ዝርዝሩን እኔ አመጣዋለሁ" አሉ ጋሽ ሚሊሜትር። ሦስት ሳምንት ተሰጣቸው።

የየመንገዱን ስም የሚጽፍላቸው ሰው ስላስፈለገ እኔም አብሬ ተላክሁ። እያጉረመረምኩ ነው የሄድኩት። ፀሐይ አልወድም፣ ዳገት አልወድም፣ ጫማዬም አዲስ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ውኃ ልንጠጣ ቤታቸው ጎራ አልን። ባለቤታቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ሳንባቸው ደካማ ነው፤ ሁለት መቶ እርምጃ ከሄዱ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን መሰብሰብ አለባቸው። ታላቅ እህታቸው የሚኖሩት እዚያው መንገድ ላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ነው። እህትየውም ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። መንገዱ ደረጃ ስለሆነ መኪና አይወጣውም። ሁለቱ እህትማማቾች በስልክ እንጂ በዓይን ከተያዩ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር።

"መሄዱንስ እሄድ ነበር" አሉኝ ባለቤታቸው፣ ባዶውን ብርጭቆ እየተቀበሉኝ። "መሀል መንገድ ላይ ትንፋሽ ቢያጥረኝ የት ቁጭ እላለሁ? እሱን ሳስብ ከበር እመለሳለሁ፣ ልጄ።"

ለካ ጋሽ ሚሊሜትር እጃቸውን ያወጡት ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ጫማዬ ትንፍሽ አላልኩም።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ለመቀመጫ የሚሆን ግንብ ሲያዩ ጠጋ ብለው በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ሻካራ ከሆነ ያልፉታል። ከለሰለሰ መንገዱን ተሻግረው ይቆማሉ፤ እኔም አጠገባቸው። አንድ ጆንያ የተሸከመ ሰው ይመጣል፤ ጆንያውን አውርዶ ይቀመጣል፣ ግንባሩን ጠርጎ ይሄዳል። ቆየት ብሎ አንዲት ነፍሰ ጡር ወገቧን ይዛ ትቀመጣለች። ከዚያ አንድ ፖስተኛ ጫማው ውስጥ የገባበትን ጠጠር ሊያራግፍ ብሎ ይቀመጥና፣ ጠጠሩ ከወጣ በኋላም አይነሣም። "ሦስት" ይላሉ ጋሽ ሚሊሜትር፣ ይጽፋሉ።

በአራተኛው ቀን ገደማ ዓይኔ ተከፈተ። አርባ ዓመት የኖርኩበት ከተማ ነው፤ የመንገዱን ሁሉ ስም በቃሌ እወጣዋለሁ። አንድ የቆየ ደረጃ ጫፍ ላይ መዳፌን ባሳርፍ ድንጋዩ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። መሮ አልነካውም። የጎደጎደው በቀሚስና በሱሪ ነው። ስንት ሰው ተቀምጦ፣ ስንት ዘመን ቢቀመጥ ነው ድንጋይ የሚጎደጉደው? የሞቱት ተቀምጠውበታል፤ ከእነሱ በኋላ የመጣው፣ ማንም ሳይጠቁመው፣ እዚያችው ቦታ ላይ ደክሞት እዚያችው ተቀምጧል። እጄን ለማንሣት ድፍረት አጥቼ እዚያው ቆየሁ፤ ጋሽ ሚሊሜትርም አላጣደፉኝም።

በባለቤታቸው መንገድ ላይ አራት ማረፊያ አገኘን። ከአራተኛው እስከ እህትየው በር ግን ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ነው። መሀሉ ላይ የውኃ መስመር መዝጊያ ያለበት የሲሚንቶ ሣጥን አለ፤ ቁመቱ ልክ ነው፣ ጫፉም ለስልሷል። ሦስት ቀን ቆምንበት። ሁለት ሰዎች ተቀመጡ። ሦስተኛ ጠፋ።

"ጋሼ፣ እኔ ልቀመጥ" አልኳቸው።

"አንቺ ባልደረባዬ ነሽ።"

"ሁለት ይበቃላ። ማን ያውቅብናል?"

"ሁለቱ ዘመዳሞች ቢሆኑስ? የሚያስነሣ ሰው ቢኖርስ? ሰው ካርታውን አምኖ ይወጣል። ደርሶ ካጣው መሀል ላይ መቅረቱ ነው።" ደብተራቸውን አጠፉ። "ለሚስቴ ብዬ የዋሸሁት የሰው ሚስት ይገድላል።"

ሣጥኑ አልተጻፈም። በንዴት ቀድሜያቸው ወረድኩ።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ሚሊሜትር ንግግር አላደረጉም። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ነጥብ ያለበትን ስስ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አነጠፉ። አንድም መንገድ አልተሰመረበትም። ሜዳው ላይ ነጥቦቹ አልፎ አልፎ ናቸው፤ ዳገቱ ሥር ይጠጋጋሉ፤ ሐኪም ቤቱ አጠገብ ሲደርሱ ትከሻ ለትከሻ ይሆናሉ። የሰዉ ድካም የት እንደሚጀምርና የት እንደሚብስ ፊታችን ላይ ተዘርግቷል። የሠራሁት እኔው ራሴ ሆኜ እንደ አዲስ አየሁት። ማንም አልሣቀም።

ኃላፊያችን ጎንበስ ብለው ነጥቦቹን በዓይናቸው ተከተሉ። ከዚያ ጣታቸውን አንዷ ነጥብ ላይ አሳረፉ። "ይቺ ከእናቴ ቤት በታች ያለችው ደረጃ ናት" አሉ። "ገበያ ሄዳ ሁልጊዜ ትዘገይብን ነበር። ወሬ ይዛ ይመስለኝ ነበር።" ስለ ካሜራው ከዚያ በኋላ ያነሣ የለም።

ካርታው ታተመ። ጋሽ ሚሊሜትር አንዱን ለባለቤታቸው ወስደው ከአራተኛው በላይ ምንም እንዳላገኙ እቅጩን ነገሯቸው። ባለቤታቸውም አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ወሬውን ማንሣት ፈራሁ።

አንድ ጠዋት የጋሽ ሚሊሜትር ስልክ ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርገው ነው የሚያዳምጡት፤ እኔም ሰማሁ።

"የት ሆነሽ ነው?" አሉ።

"እህቴ አልጋ ላይ" አሉ ባለቤታቸው። ከኋላ አንዲት አሮጊት ሲያለቅሱም ሲስቁም ይሰማል።

ጋሽ ሚሊሜትር ብድግ አሉ። "ከአራተኛውስ በኋላ?"

"ልመለስ ነበር። ቀና ብል አንድ የሲሚንቶ ሣጥን አየሁ፤ ካርታህ ላይ የለም። ሦስት ሰዎች ተቀምጠውበታል። በእነሱ ልቤ ሞላና እንደምንም ደረስኩ፤ ሲያዩኝ ተጠጋጉልኝ።"

"ይተዋወቃሉ?" አሉ ጋሽ ሚሊሜትር።

"እነማን?"

"ሦስቱ ሰዎች።"

"እኔ ምን አውቄ፣ አንተ ሰውዬ! አንዱ ተነሥቶ ሲሄድ እንኳ ደህና ዋሉ አልተባባሉም።"

ስልኩን ዘጉና ተቀመጡ። እርሳሳቸውን አንሥተው ዋናው ካርታ ላይ ከአራተኛው በላይ ምልክቱን ሳሉ። መስመሩ ከቦታው ወጣ፤ አላስተካከሉትም።

"እትዬን ጨምሮ አራት ሆኑ" አልኳቸው።

"ዘመድ አይቆጠርም" አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ።