«ሁለት ዓመት ብቻ» ተብዬ

የመጀመሪያ ዲግሪዬን በሒሳብ ልጨርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ቢሮአቸው አስጠሩኝ። «ለረዳት መምህርነት አንድ ቦታ አለን። አንቺን ልናስቀር አስበናል፤ እያስተማርሽ ሁለተኛ ዲግሪሽን እዚሁ ትቀጥያለሽ» አሉኝ። እዚያው እሺ ማለት እችል ነበር። አባቴን ሳላማክር መወሰን ነውር መስሎ ስለታየኝ ግን ጥቂት ቀን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው።

አባቴ ቦንጋ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊደል ያስቆጠሩ፣ በቅርቡ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። እናቴ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ነው የሞተችው። ቤታችን ስልክ ስላልነበረ ጎረቤታችን ወዳሉት ባለሱቅ ደውዬ አስጠራኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ነይ ወደ ቤትሽ። ዛሬ የዞኑን ትምህርት መምሪያ የያዘው እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ባለፈው አግኝቼው ‹ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ታገልግል፣ ከዚያ እኛው ሁለተኛ ዲግሪ እንልካታለን› ብሎኛል። አገርሽን አገልግለሽ ብትማሪ አይሻልም?»

አባቴን እምቢ ብዬ አላውቅም። ኃላፊው መልሴን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «በደንብ አስበሽበታል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ቦታው በውጤት ከእኔ ቀጥሎ ለነበረው ልጅ ተሰጠ።

የተመደብኩት ከቦንጋ ርቃ ጌሻ ወረዳ ውስጥ ባለችው ደካ ነው። አባቴ ያንን ሲሰሙ «ለጊዜው ነው፣ ያቀርቡሻል» አሉኝ። በበጋ አውቶቡስ ይገኛል፤ ክረምት ሲገባ ግን ከቦንጋ የምሄደው በአይሱዙ፣ ጭነት ላይ ተቀምጬ ነበር። ጭቃው መኪናውን ሲይዘው ወንዶቹ ይገፋሉ፣ እኛ ሴቶቹ ጫማችንን ይዘን በእግራችን እንቀድማለን።

ተማሪዎቼን አልጠላኋቸውም። ከትምህርት ቤት መልስ ግን በሬን ዘግቼ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣኋቸውን መጻሕፍት እየገለጥኩ ጥያቄ እሠራ ነበር፤ ተመልሼ ስገባ እንዳልዝግ ብዬ። የመጀመሪያውን ዓመት ሳላቋርጥ ሠራሁ። በሁለተኛው ዓመት እሑድ እሑድ ብቻ ሆነ። የተከራየኋት ቤት እርጥበት ስለነበራት መጻሕፍቱ ሻገቱ፤ ፀሐይ ላይ ባሰጣቸውም ሽታው አልለቅ አላቸው።

ሁለት ዓመቱ አለቀና የትምህርት ዕድሉ መጣ። የተላከው የትምህርት ቤታችን ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። ለምን እንደሆነ ማንም የጠየቀ አልነበረም። እኔ በግምገማ ላይ «ለምን አባል አልሆንሽም?» ተብዬ ሒሳብ እንጂ ፖለቲካ አላውቅም ብዬ መልሼ ነበር፤ ሰው ሁሉ ስቆ ነበር።

አባቴ ሲሰሙ ሱፋቸውን ለበሱና ይዘውኝ ወደ መምሪያው ሄዱ። ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የመምሪያውን ኃላፊ ለምሳ ሲወጣ አገኘነው። አንገቱን ሰበር አድርጎ አባቴን በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ግቡ ግን አላለንም። ኮሪደሩ ላይ ቆመን ነው የተነጋገርነው።

«ጋሼ፣ ዕድሉ የሚሰጠው በመስፈርት ነው። እህታችን በትምህርቷ ጎበዝ ናት፤ በአመለካከት በኩል ግን ይቀራታል።»

«አመለካከት ማለት?»

«በድርጅት አልታቀፈችማ።»

«እሷ እኮ የሒሳብ መምህር ናት» አሉ አባቴ።

ፈገግ አለ። «ሒሳቡ ይቆይና፣ አሁን ትኩረታችን አመራር ላይ ነው። በክረምት መርሐ ግብር የትምህርት አመራር ትማር፤ እሱን እኔ አመቻችላታለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉት አባቴ።

ያቺ ምስጋና አንጀቴን አቃጠለችው። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ያገኙትን ሰው ሁሉ እንደ ወትሯቸው ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም እያሉ ሄዱ። እቤት በር ላይ ስንደርስ «ምንም ቢሆን ትምህርት ትምህርት ነው» አሉኝ።

አባል ሆንኩ። ክረምት ክረምት የትምህርት አመራር ተማርኩ፤ ከዚያ ሁሉ ኮርስ ዛሬ አንድ ነገር ንገሪን ብባል የምናገረው የለኝም። ቦንጋ አዛወሩኝና ሱፐርቫይዘር አደረጉኝ። ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞርኩ ዕቅድና አፈጻጸም አያለሁ፤ ጠመኔ መያዝ ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ለዞኑ የሒሳብ መምህራን ሥልጠና ተዘጋጀ። እኔ ደግሞ ሻይ ዳቦው በሰዓቱ መድረሱን እንድከታተል ተመደብኩ። አሠልጣኙ ያ ቦታዬን የወሰደው ልጅ ነው፤ ዶክተር ሆኖ መጣ። ከኋላ ተቀምጬ ሰሌዳው ላይ የሚጽፈውን መከታተል ጀመርኩ። ጥቂት አብሬው ሄድኩና ጠፋብኝ። አጠገቤ የነበረው ወጣት መምህር ከእኔ ቀድሞ ገብቶት ራሱን ይነቀንቃል።

በሻይ ሰዓት ፈልጎ መጣና በደስታ ጨበጠኝ። «ያኔ ሁላችንም ገርሞን ነበር። ለምን ተውሽው?»

«የቤት ጉዳይ ነው» አልኩት።

«አንቺ ባትተዪው እኮ እኔ ሌላ ሰው ነበርኩ» አለና ሳቀ። ለክፋት አልነበረም። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ማታ አባቴ ሥልጠናው እንዴት እንደነበር ጠየቁኝ። ጥሩ ነበር አልኳቸው። ማን እንደሰጠ ሲጠይቁኝ ቦታዬን የወሰደው ልጅ መሆኑን ነገርኳቸው። እጃቸው ላይ የነበረውን የቆጮ ቁራሽ መልሰው ሳህኑ ላይ አደረጉት። ዓይኔን ሳያዩ «እናትሽ ከሞተች በኋላ ቤቱ ባዶ ነበር» አሉ። «እዚያ ብትቀሪ ማን ይጦረኝ ነበር?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የመምሪያው ኃላፊ ቃል ቢኖርም ባይኖርም፣ ቢታጠፍም ባይታጠፍም፣ ለአባቴ ለውጥ አልነበረውም። በስልኩ ዝም ያሉት ብቻቸውን መቅረታቸውን እያሰቡ ነበር። ማለት የምፈልገው ብዙ ነበር፤ ያረጁ ሰው ናቸው፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ተነስቼ እግራቸውን የማጥብበት ውኃ አሞቅኩ።

አባቴ ከዚያ በኋላም ዓመታት ኖሩ። እኔም እስከ መጨረሻቸው ጦርኳቸው፤ ነገሩን ግን ዳግመኛ አላነሳንም። ሲሞቱ ድንኳኑ በተማሪዎቻቸው ሞላ። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን አንዲት የእናቴ ወዳጅ ከጎኔ ተቀምጠው ጉልበቴን እየዳበሱ «እንዳንቺ ያለ ልጅ የታለ?» አሉኝ። «አባትሽ እኮ ዩኒቨርሲቲው ቅሪ ብሏት፣ ‹አባቴን ትቼ አልቀርም፣ አይሆንም› ብላ መጣች እያሉ ለሁላችን ሲያወሩ ነው የኖሩት። በእንባ ነበር የሚናገሩት።»

እዚያ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ታሪኩን የማያውቅ አልነበረም፤ እንዲያ አልነበረም ብል የሚያምነኝም አልነበረም።

«እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።